አማቴን አትንቀላቸው

(የእትዬ ጓሮ። ከግቢው በር አጠገብ የውሃ በርሜል፣ ከውሃ ቧንቧው ስር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ወዲያ የሽንኩርት መደብ። መደብ ነው ይባል እንጂ ሽንኩርት የሚባል ነገር በዓይን አይታይም፤ ግንዱ ላይ ወይን ጠጅ ቀለበት ያጠለቀ፣ ቅጠሉ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጠቀ፣ ነጭ አበባ ያፈካ አረም ከዳር እስከ ዳር ወርሶታል። እትዬ ትልቋ ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ከሄዱ ሰንብተዋል፤ ዛሬ ከሰዓት ይመለሳሉ። ሲሄዱ ሽንኩርቱን "ለሁለታችሁም" ብለው ለትራክተር ሾፌሩ ልጃቸውና ለትንሿ ሴት ልጃቸው ባል አደራ ሰጥተዋል። ባልየው በግብርና ኮሌጅ ስለ ዕፅዋት የሚያስተምር፣ እውቀቱን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም የሚያድል መምህር ነው። አሁን ለአማቱ አቀባበል ቧንቧው ስር ጢሙን እየተላጨ ነበር። ሾፌሩ መኮትኮቻውን ሽቅብ ሲያነሳ የመምህሩ ልብ ስንጥቅ አለች፤ ግማሽ ፊቱን በሳሙና አረፋ እንደሸፈነ ዘሎ መደቡ ላይ ወጣ።)

መምህሩ፦ አቁም! አትንካቸው! አማቴ ናቸው!

ሾፌሩ፦ (መኮትኮቻውን አየር ላይ እንደያዘ፣ ግራ ቀኝ እያየ) የት? ደረሰች እንዴ? በየት በኩል ገባች?

መምህሩ፦ እግርህ ስር ናቸው! ወደ ኋላ ተመለስ... ቀስ... ቅጠላቸውን ረግጠሃቸዋል እኮ!

ሾፌሩ፦ (እግሩን አንስቶ የጫማውን ሶል ገልብጦ አይቶ) ጋሼ፣ እዚህ ያለው አረም ነው።

መምህሩ፦ አረም አትበላቸው።

ሾፌሩ፦ ታዲያ ምን ልበላቸው?

መምህሩ፦ ለጊዜው ምንም። ስማቸው ዛሬ ይጸድቃል።

ሾፌሩ፦ እኔ ስሙን መች ጠየቅኩህ? እትዬን ታውቃታለህ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ እኔን እንኳ ሳትስም፣ ቀጥ ብላ ወደ ሽንኩርቷ ነው የምትመጣው። ይህን ጫካ ስታይ ምን እላታለሁ?

መምህሩ፦ "እንኳን ደስ አለሽ" ትላታለህ።

ሾፌሩ፦ ሽንኩርትሽ ስለማይታይ?

መምህሩ፦ ስምሽ ከመቃብር በላይ ስለዋለ!

ሾፌሩ፦ (ደንግጦ) የምን መቃብር ጋሼ? ሴትየዋ እኮ አራስ ልታርስ ነው የሄደችው!

መምህሩ፦ ኧረ ተረት ነው! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምተህ አታውቅም? አስቀምጥ መኮትኮቻውን። አስቀምጥ አልኩህ። ይኸውልህ፣ እኚህ ተክል በየትኛውም መጽሐፌ ውስጥ የሉም። አገላበጥኩ፤ የሉም። የኮሌጁን መጻሕፍት ቤት ፈተሽኩ፤ የሉም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል?

ሾፌሩ፦ መጽሐፍ አልቆባችኋል።

መምህሩ፦ አዲስ ናቸው ማለት ነው! የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ስም ያልሰጣቸው! ያንን ድንጋይ ታያለህ? የመጀመሪያዋን ቡቃያ እሱ ስር ያየሁ ቀን ልቤ ቀጥ ነው ያለው።

ሾፌሩ፦ እኔም ያን ቀን አይቼው ልነቅለው ስል እጄን የያዝከኝ አንተ ነህ።

መምህሩ፦ ደግ አደረግኩ! ተክል ያለ አበባ አይሰየምም። አበባው ይጠበቃል፣ ፍሬው ይጠበቃል። "አትንካቸው፣ ቦታ ልቀቅላቸው፣ እንደልባቸው ይስፋፉ" ያልኩህ ለዚህ ነበር።

ሾፌሩ፦ ቦታውንማ ለቀቅኩ። እንዲያውም ሽንኩርቱን ያኔውኑ...

መምህሩ፦ ሽንኩርቱን እርሳው! ሽንኩርት የትም ይበቅላል። እኔ ስለ ታሪክ እያወራሁህ አንተ ስለ ወጥ!

ሾፌሩ፦ እሺ ታሪኩን ጨርስና ወደ ወጡ እንመለሳለን።

መምህሩ፦ (ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ ከክፍል ተማሪዎቹ ፊት እንዳለ ጣቱን እየቀሰረ) ማንኛውም ተክል በሳይንስ ሁለት ስም አለው። የመጀመሪያው የወገኑ ነው፤ ሁለተኛው የራሱ።

ሾፌሩ፦ እንደኛ፣ የራስና የአባት ማለት ነው።

መምህሩ፦ ተገላቢጦሽ። አባት ይቀድማል፤ ልጅ ይከተላል።

ሾፌሩ፦ ጨዋ ቤተሰብ ናቸው።

መምህሩ፦ ሁለቱም በላቲን ይጻፋሉ።

ሾፌሩ፦ ላቲን የማን ቋንቋ ነው?

መምህሩ፦ ዛሬ የማንም አይደለም። የማንም ስላልሆነም በሱ የሚቀየም የለም።

ሾፌሩ፦ እትዬ ትቀየማለች።

መምህሩ፦ ለምን ይቀየማሉ? ስማቸውን እኮ ነው የምሰጣት! ሁለተኛው ስም ምን መሰለህ... (ድምፁን ዝቅ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ) "እትዬያና"።

ሾፌሩ፦ እትዬ... ያና?

መምህሩ፦ እትዬያና።

ሾፌሩ፦ "ያና"ው ምን ይሠራል?

መምህሩ፦ ከኋላ የሚቀጠል ነው። እንደ ጅራት በለው።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ እናቴ ላይ ጅራት ልትቀጥል?

መምህሩ፦ የክብር ነው!

ሾፌሩ፦ በክብርም ቢሆን። ደግሞ ሰው እናቱን በጽጌረዳ ይጠራል፣ በኮከብ ይጠራል። አንተ መርጠህ መርጠህ ያስነጠሰኝን? ትናንት አጠገቡ ቆሜ እንዴት እንዳስነጠሰኝ አላየህም?

መምህሩ፦ ያ ጠባያቸው ነው።

ሾፌሩ፦ ነገ ጎረቤት ተነስቶ "ዛሬ እትዬን ስነቅል ዋልኩ" ሲልስ? "እትዬ ማሳዬን አበላሸችው፤ መርዝ ይረጭባት" ሲልስ? የእናቴን ስም በጆንያ አስሮ ሲያቃጥልስ?

መምህሩ፦ (ተቆጥቶ) ማን ነው የሚያቃጥላቸው! አልገባህም እንጂ ሕጉ እንዲህ ነው፦ አንድን ተክል ቀድሞ የሰየመ፣ እሱ ሰየመ። ስሙ አይሰረዝም፣ አይለወጥም። ከኋላ የመጣ ሺህ ጊዜ የተሻለ ስም ቢያመጣ አይሰማም።

ሾፌሩ፦ እና ከኛ በፊት የሰየመው ሰው ካለስ?

መምህሩ፦ (በንቀት ስቆ) ቢኖር እኔ አላውቀውም ነበር?

(ሾፌሩ ትንሽ አሰበ። ማሰብ ሲጀምር አፉ ይከፈታል፤ ሲጨርስ ይዘጋል። አሁን ክፍት ነው።)

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ስጦታ መስጠት ካማረህ ነጠላ ጫማ አትገዛላትም? ይህን ሁሉ ምን አመጣው?

(መምህሩ የቀሰረውን ጣቱን አጠፈ። አረፋው ግማሽ ፊቱ ላይ መድረቅ ጀምሯል። ሲናገር የማስተማሪያ ድምፁ ጠፍቷል።)

መምህሩ፦ እናትህ እኔን ለሰው ሲያስተዋውቁ ምን እንደሚሉ ሰምተህ ታውቃለህ?

ሾፌሩ፦ "የልጄ ባል" ትላለች።

መምህሩ፦ "የልጄ ባል"! ልጃቸው ዝናብ ሲያባርራት መንገድ ላይ ያገኘችኝ ዣንጥላ ይመስል! የታላቅ እህትህንስ ባል ምን ይሉታል? ያንን መድኃኒት ሻጭ?

ሾፌሩ፦ "አማቼ" ትለዋለች።

መምህሩ፦ "አማቼ"! እጃቸውን ትከሻው ላይ ጥለው! "የአማቼ ሽሮፕ ባይኖር ሳሉ ይገድለኝ ነበር!" ይላሉ። የኔን ሥራ የጠየቃቸው ሰው ሲኖርስ?

ሾፌሩ፦ "ሣር ይቆጥራል።"

መምህሩ፦ ሣር ይቆጥራል! ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ፣ አስተምሬ፣ ሣር ቆጣሪ! እና ዛሬ ስማቸው በዓለም መጽሐፍ ላይ ሲሰፍር፣ እኔ ነኝ ያሰፈርኩት። ጽጌረዳና ነጠላ ጫማ ያረጃል። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ "አማቼ ነው" ቢሉኝ... (ጉሮሮውን ጠርጎ) እንግዲህ ገባህ።

ሾፌሩ፦ (አፉን ዘግቶ) ገባኝ። ቅድም ብትለኝ ኖሮ ጫማዬንም አውልቄ እቆም ነበር።

መምህሩ፦ አሁን የቀረው የፕሮፌሰሩ ቃል ነው። የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ቤት ኃላፊ ናቸው። የላክንላቸውን ናሙና አይተው ዛሬ ይደውላሉ። ናሙናው ግን ከተፈጥሮ ውጭ ስስ ሆኖብኛል። በጋዜጣ መሃል አድርገህ ከባድ ነገር ጫንበት ስልህ ምን ጫንክበት?

ሾፌሩ፦ ትራክተሩን።

መምህሩ፦ ምን?

ሾፌሩ፦ ከባድ አላልክም? ከሱ የከበደ ነገር በእጄ የለም። አንዴ ሄድኩበት፤ ወደ ኋላም መጣሁበት። ለጥንቃቄ።

መምህሩ፦ መጽሐፍ! ድንጋይ! ፍራሽ! ከባድ ሲባል ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው!

ሾፌሩ፦ እኔ እንዳልከኝ ነው ያደረግኩት። ያልከኝን ሳላደርግ ቀርቼ አላውቅም። ለምሳሌ ሽንኩርቱን ብንወስድ...

(ስልኩ ጠራ። መምህሩ ከድንጋዩ ላይ ዘሎ ተነሳ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሸሚዙን አስተካከለ። ፕሮፌሰሩ ጆሯቸው ስለደከመ የሰው ሁሉ ጆሮ የደከመ ስለሚመስላቸው፣ ጩኸታቸው ከስልኩ አልፎ አጥር ይሻገራል።)

መምህሩ፦ ሄሎ ፕሮፌሰር! እንደምን ዋሉ... አዎ፣ እኔው ነኝ... አዎ፣ የጎማ ጥርስ ያለበት ናሙና የኔ ነው...

ሾፌሩ፦ (በሹክሹክታ) አወቁት!

መምህሩ፦ (በእጁ ዝም እያሰኘው) ...እጅግ አስደናቂ? አመሰግናለሁ! (ለሾፌሩ፣ ዓይኑ እያበራ) አስደናቂ ነው አሉ!... አቤት?... አስደናቂው ምኑ ነው?... እኔ... እኔ ሳላውቃት መቅረቴ?

ሾፌሩ፦ ምን አሉ?

መምህሩ፦ ...ስም አላት? መቼ የወጣ?... ከአያትዎ አያት በፊት?... በየትኛው መጽሐፍ?... አይ፣ እሱ እንኳ የለንም...

ሾፌሩ፦ መጽሐፍ አልቆባችኋል አላልኩም?

መምህሩ፦ ...ከባሕር ማዶ የመጣች?... ገበሬዎቹስ ምን ይሏታል?... "ማን አመጣህ"?... ኧረ ልክ ነው፣ ስሟን ሰምቻለሁ፣ መልኳን አላየሁም እንጂ... በጎማ? አዎ፣ በጎማ ትሰራጫለች፣ ሰማሁ... አንዷ ብቻ ያን ያህል ፍሬ? (ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ዘጭ አለ) ...መንደሩን በሙሉ?... ፍሬዋ ሳይረግፍ፣ ዛሬውኑ... ከነሥሯ፣ በጆንያ... እሺ... ማን? አይ ፕሮፌሰር! ስም አልሰጠኋትም! የማንንም ስም አልሰጠኋትም!

(ስልኩን ዘጋ። ቧንቧው ብቻ ጠብ... ጠብ... ይላል።)

ሾፌሩ፦ ጋሼ።

መምህሩ፦ ዝም በል።

ሾፌሩ፦ "አላት" ስትል ሰማሁህ። አንቱታው ቀረ?

መምህሩ፦ ንቀላት!

ሾፌሩ፦ እናቴን?

መምህሩ፦ አረሟን! አንሳ ያንን መኮትኮቻ! ጆንያ አምጣ! (ራሱ በሁለት እጁ መንቀል ጀምሮ) አንዷም ፍሬ መሬት እንዳትወድቅ! ኧረ ቀስ! አታራግፋት!

ሾፌሩ፦ (እየነቀለ) ቅድም ቀስ፣ አሁን ቶሎ፣ አሁን ደግሞ ቀስ። ቅድም አትርገጣቸው፣ አሁን ንቀላት። አማችነትህ ቶሎ ነው የሚያልቀው።

መምህሩ፦ (ድንገት ቀና ብሎ) ቆይ! ቆይ ቆይ ቆይ። "ማን አመጣህ" ነው ያሉት ስሟን። ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው! ባሕር ማዶ ያለች አረም በራሷ እግር እዚህ ጓሮ አትገባም። ማን አመጣት?

ሾፌሩ፦ እኔ እንጃ።

መምህሩ፦ በጎማ ነው የምትሰራጨው! ጎማ ያለው ማን ነው? ከእርሻ እርሻ በትራክተር የሚዞር ማን ነው?

ሾፌሩ፦ (መንቀሉን አቁሞ) እኔ።

መምህሩ፦ አመንክ!

ሾፌሩ፦ (ፊቱ ተለዋውጦ) ወይ ጉዴ። የእትዬን ሽንኩርት እኔ ነኝ እንዴ... (አፉን ከፈተ፤ ብዙ ቆየ) ግን ጋሼ፣ ትራክተሩ እዚህ ገብቶ ያውቃል?

መምህሩ፦ ምን ማለት ነው?

ሾፌሩ፦ የግቢው በር እኮ ብስክሌት እንኳ በጎኑ ካልሆነ አያስገባም። ትራክተሩ የሚያድረው መሥሪያ ቤት ነው።

መምህሩ፦ በልብስህ ይዘኸው ይሆናላ!

ሾፌሩ፦ ቱታዬን እዚያው አውልቄ ነው የምመጣው። እትዬ ናፍጣ ሸተተኝ ትላለች። (አሁንም እያሰበ) ፕሮፌሰሩ ግን "በጎማና" ብለው ነው የጮኹት። ከ"ና" በኋላ ያለውን አንተ አልደገምከውም።

መምህሩ፦ ሰውዬው ብዙ ይናገራሉ።

ሾፌሩ፦ "በጎማና በጫማ ጭቃ" ነው ያሉት። አጥር ማዶ ያለችው ዶሮ እንኳ ሰምታለች።

መምህሩ፦ (ዓይኑን ሰብሮ) በጫማም... ይሆናል።

ሾፌሩ፦ በጭቃ ጫማ እዚህ የሚመጣ ማን ነው?

(ሾፌሩ መምህሩን እየወነጀለ አልነበረም፤ ከልቡ እየጠየቀ ነው። ዓይኑ ከአረሙ ዳር ተነስቶ አረሙ እየጠበበ፣ እየጠበበ ወደሚሄድበት ወደ ድንጋዩ ተጓዘ። ድንጋዩ ላይ የመምህሩ የመስክ ቦት ጫማ ተገልብጦ ተቀምጧል።)

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ ከተማሪዎችህ ጋር መስክ ውለህ ስትመጣ፣ እትዬ "በጭቃህ ቤቴን እንዳትረግጥ" ስትልህ፣ ጫማህን የት ነው የምታራግፈው?

መምህሩ፦ ...ድንጋዩ ላይ።

ሾፌሩ፦ "ከየማሳው የመጣ አፈር ነው፤ ለሽንኩርቱ ማዳበሪያ ይሆነዋል" ብለህ ሁለቱን ጫማ እያጋጨህ...

መምህሩ፦ በቃ።

ሾፌሩ፦ የመጀመሪያዋም ቡቃያ ድንጋዩ ስር...

መምህሩ፦ በቃ አልኩህ! ገባኝ! (ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ) እኔ ነኝ። በጫማዬ አመጣኋት፤ ውሃ አጠጣኋት፤ አንቱ አልኳት። የአማቴን ሽንኩርት እኔው ቀበርኩት። ከእንግዲህ "የልጄ ባል" ማለታቸውንም ይተዉታል። "የልጄ የቀድሞ ባል" ነው የሚሉኝ።

ሾፌሩ፦ ሽንኩርቱ ምን ሆነ?

መምህሩ፦ ታያለህ አይደል! አረሙ ስር ታፍኖ አልቋል! የለም!

ሾፌሩ፦ እዚያማ የለም።

መምህሩ፦ እኔስ ምን አልኩ! የለም!

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ እሱን እኮ ነው ከጠዋት ጀምሮ...

(የግቢው በር ተንቋቋ። መምህሩ እንደ ሌባ ተሽቆጠቆጠ። የጎረቤት ሴት ድምፅ ከአጥር ማዶ "እንኳን ደህና ገቡ! ያ ፊቱን አረፋ የሸፈነው ማን ነው?" ሲል ተሰማ። "የልጄ ባል ነው" አለ የእትዬ ድምፅ፤ ደረቅ ያለ። መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። እግራቸው ግን ወደ መደቡ አልመጣም። ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ቆመ።)

እትዬ፦ (ከበርሜሉ ጀርባ) ኧረ! ኧረ እናንተ! ይህ የኔ ሽንኩርት ነው?

መምህሩ፦ (ለሾፌሩ፣ በሹክሹክታ) ምንድን ነው የሚያዩት?

ሾፌሩ፦ ሽንኩርቱን።

መምህሩ፦ የቱን ሽንኩርት?

ሾፌሩ፦ አንተ አይደለህ "ቦታ ልቀቅላቸው" ያልከኝ? ሁለቱ አንድ መደብ ላይ አይበቁም። ገና ችግኝ ሳለ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ አንስቼ ከበርሜሉ ጀርባ፣ በአጥር ላይ አሳልፌ ባስገባሁት አሮጌ የትራክተር ጎማ ውስጥ ተከልኩት። ቦታውን ለቀቅኩላቸው። ስነግርህ "እርሳው" አልከኝ።

(እትዬ ብቅ አሉ። ቦርሳቸው በአንድ እጃቸው፣ በሌላው ጭንቅላቱ እንደ ጡጫ የተወጠረ አንድ ሽንኩርት ከነቅጠሉ። ልጃቸውን አልሳሙም።)

እትዬ፦ እንዲህ ያለ ሽንኩርት በዕድሜዬ አብቅዬ አላውቅም። ጎማ ውስጥ መትከልን ማን አሰበው? ልጄ ነው እንዳልል ልጄን አውቀዋለሁ፤ ካላዘዙት ውሃ አይጠጣም።

ሾፌሩ፦ እውነቷን ነው። ጋሼ ነው ያዘዘኝ።

እትዬ፦ (ወደ መምህሩ ዞረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ እያሉ) አንተ? እንግዲያ ያ ትምህርት ተጉዞ ተጉዞ ሽንኩርት ላይ ደረሰ? እኔ ደግሞ ሣር ይቆጥራል እያልኩ ሳማህ! ና እስቲ ወዲህ... ና የኔ...

(ቃሉ ከንፈራቸው ላይ ነበር። መምህሩ አየው። ዝም ቢል ይወጣል። ሾፌሩን አየ፤ ሾፌሩ ከልቡ ራሱን እየነቀነቀ ይመሰክርለታል። ከዚያ ዓይኑ ድንጋዩ ላይ በተገለበጠው ጫማው ላይ አረፈ።)

መምህሩ፦ አላዘዝኩም።

እትዬ፦ ምን?

መምህሩ፦ ቦታ ልቀቅ ያልኩት ለሽንኩርቱ ብዬ አይደለም። ለዚህች ብዬ ነው። አዲስ ተክል መስላኝ ነበር። በጫማዬ ያመጣኋትም እኔ ነኝ። ሽንኩርትዎ የተረፈው ልጅዎ ያልኩትን ስለሰማ እንጂ እኔ ስላወቅኩ አይደለም። እና ደግሞ... በእርስዎ ስም ልሰይማት ነበር።

እትዬ፦ ማንን?

መምህሩ፦ እሷን።

(እትዬ ጎንበስ ብለው ድንጋዩ ስር ያለችውን የመጀመሪያዋን አረም አዩ፣ አሸተቱ፣ ሦስት ጊዜ አስነጠሱ።)

እትዬ፦ ጠባይዋ እንዴት ነው?

ሾፌሩ፦ ንገራት ጋሼ። እሷ ካልነገሯት አትተውም።

መምህሩ፦ (መሬት መሬት እያየ) ሳይጠሯት ትመጣለች። በጭቃ ጫማ ትገባለች። አንዴ ከገባች ግቢውን ሁሉ ትወርሳለች፤ ሌላው ቀና እንዳይል ትሸፍነዋለች። ቢነቅሏት... ሥሯ ከቀረ ተመልሳ ትመጣለች።

(እትዬ ቦርሳቸውን ጣሉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሽንኩርቱ በእጃቸው ይንቀጠቀጣል።)

እትዬ፦ እና ይህን ነው በኔ ስም? ኧረ አንተ ሰውዬ! ሳይጠራ የመጣው ማን ነው? ጭቃውን ደጄ ላይ የሚያራግፈው ማን ነው? እቤቴ ገብቶ ወሬውን ሲጀምር ሌላው ትንፍሽ እንዳይል የሚሸፍነው ማን ነው? ለመንቀሉስ ቢሆን ምን ያላደረግኩት አለ? ሠርጉ ደጅ ላይ ደርሶ እንኳ "ልጄ፣ አሁንም አልመሸም" እያልኩ ነበር! ወይ ፍንክች!

ሾፌሩ፦ ስምም አላት እትዬ። "ማን አመጣህ" ነው የምትባለው።

እትዬ፦ ይኸው! በሬ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ያልኩት እሱኑ ነው! (ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያበሱ፣ ወደ መምህሩ ቀረብ ብለው) አንተን የማትመስለው ግን በአንድ ነገር ነው፤ የሽንኩርቱን ምስጋና ዝም ብለህ ልትወስደው ስትችል አልወሰድከውም። ፊትህስ ምን ሆኗል? ግማሹን ብቻ ነው እንዴ ያረምከው?

(መምህሩ እጁን ወደ ፊቱ ሰደደ፤ የደረቀው አረፋ እንደ ኖራ ተፈረፈረ። ላቲን ፈለገ፤ የለም። ሾፌሩ ደግሞ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ መተው አይወድም። መኮትኮቻውን አነሳ። የመጀመሪያዋ አረም ያለችው ድንጋዩ ስር፣ ከመምህሩ ሁለት እግሮች መሃል ነው። አነጣጠረ።)

እትዬ፦ (ሽንኩርቱን ጥለው፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው) አቁም! አትንካው! አማቼ ነው!

ሾፌሩ፦ (መኮትኮቻውን አየር ላይ እንደያዘ፣ አንዴ መምህሩን፣ አንዴ አረሙን እያየ) የትኛው?